በወርድ ፎርም ላይ ጽሑፉ ተቆልፎ ሰንጠረዡ ብቻ ረድፍ እንዲጨምር ማድረግ ይቻላል?

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን የአንድ እድር ጸሐፊ ነኝ። የአባላት መመዝገቢያ ፎርም በማይክሮሶፍት ወርድ 2016 ሠርቼ ለየሰፈሩ ተጠሪዎች ላክሁ። ሲመለስ አንዱ «የቤተሰብ ብዛት» የሚለውን አጥፍቶ በቦታው 6 ጽፏል፤ የሌላው የመሙያ ሰረዝ ተገፍቶ ፊርማው ሁለተኛ ገጽ ገብቷል።

ስለዚህ ዴቨሎፐር (Developer) ከሚለው የወርድ ትር መሙያ ሳጥኖች አስገባሁ፤ ማረምን በሚገድበው ሪስትሪክት ኤዲቲንግ (Restrict Editing) ውስጥ ሳጥኖቹን መሙላት ብቻ የሚፈቅደውን «ፊሊንግ ኢን ፎርምስ» መርጬ በይለፍ ቃል ቆለፍሁት። ጽሑፉ አሁን አይነካም፣ እሰየው። ግን የቤተሰብ ሰንጠረዡ 4 ረድፍ ብቻ ነው፤ 7 ልጆች ያሏቸው እናት 3ቱን የት ያስገቡ? በእድር ስሙ ያልተመዘገበ ልጅ ጉዳይ ደግሞ ቀላል አይደለም።

«ሪፒቲንግ ሴክሽን» (Repeating Section) የሚባለው፣ አንድን ረድፍ እየደገመ የሚጨምር ሳጥን ፎርሙ እንደተቆለፈ ረድፍ ይጨምራል? የሞከራችሁት እባካችሁ ደረጃ በደረጃ ንገሩኝ። ምዝገባው ከጥምቀት በፊት ማለቅ አለበት።