የእንጨት በረንዳ፦ ከብሎኬት ግድግዳ ጋር ልሰረው ወይስ በራሱ ይቁም?

ሰላም፣ የምታውቁ እርዱኝ። 4 በ3 ሜትር የሆነ፣ ከመሬት 80 ሳንቲ ሜትር ከፍ የሚል የጣውላ በረንዳ ከቤቱ ጋር አያይዤ እየሠራሁ ነው። የጣውላው ውፍረት 2.5 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ተሸካሚዎቹን በየ40 ሳንቲ ሜትሩ አስቤያለሁ፤ በጣውላዎቹ መሃል 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኖራል። ይሄ አያስጨንቀኝም።

የተቸገርኩት ግድግዳው ላይ ነው። ብሎኬቱ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ስበሳው ይፈረፈራል፤ ፊሸሩ (ብሎኑ የሚገባበት የፕላስቲክ መሰኪያ) የሚይዘው አጥቶ ብሎኑን ሳጠብቅ ዝም ብሎ ይዞራል። ቢይዝ እንኳ በግድግዳውና እሱ ላይ በሚታሰረው አግዳሚ እንጨት መሃል የሚገባው ዝናብ መውጫ ስለሌለው እንጨቱን ከጀርባ ያበሰብሰዋል።

ግድግዳውን ትቼ ከሱ ፈንጠር ብሎ ሌላ የቋሚ ረድፍ ብተክልስ? ቋሚዎቹ ኮንክሪት ውስጥ አይቀበሩም፣ በብረት እግር ላይ ነው የሚቆሙት። ታዲያ እንዳይወዛወዝ ሰያፍ ድጋፉ በሁለቱም አቅጣጫ የግድ ነው ወይስ በአንዱ ይበቃል?