ቅዳሜ ኮሚናሉን ለሃንጋሪኛ እንስጥ ወይስ ይቅር?

አድሚን፦ ሰላም ጎረቤቶች። ለማታውቁ ባጭሩ፣ ብሎክ 11 ያለው ልጅ ሃንጋሪ ማስተርሱን ጨርሶ መጥቶ ቅዳሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ኮሚናሉ ውስጥ በነጻ ሃንጋሪኛ ላስተምር ብሏል። በዛው ሰዓት ደግሞ ለ12ኛ ክፍል ልጆች የማትስ ቱቶሪያል የጠየቁ ወላጆች አሉ። አዳራሹ አንድ ነው። ኮሚቴው ሐሙስ ይወስናል፣ ሃሳብ ስጡ፣ ስድብ ግን አልፈልግም

ባለባጃጁ፦ መጀመሪያ ሃንጋሪኛ ምንድነው 😂 እኛ ከቱሉ ዲምቱ ቃሊቲ ለመድረስ ሰልፍ ላይ ቆመን እናድራለን እናንተ ቡዳፔስት ገብታችኋል

ብሎክ 9፦ ተቃውሞዬን አስመዝግቡልኝ። ልጁን አከብረዋለሁ ግን ይሄ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ሃንጋሪ ህዝቧ 10 ሚሊዮን አይሞላም፣ ከሀገሩ ውጪ ቋንቋውን የምትጠቀምበት ጎረቤት ሀገር ሩማኒያ ስሎቫኪያ ሰርቢያ ያሉ ሃንጋሪዎች ጋር ነው በቃ። እኔ ነርስ ነኝ ጀርመንኛ የምማረው ወድጄው አይደለም፣ ሁለት ታክሲ ቀይሬ የምሄደው ሰርተፍኬቱ በር ስለሚከፍትልኝ ነው። ሃንጋሪኛው የቱን በር ነው የሚከፍተው?

የብሎክ 3 እናት፦ ልጄ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት፣ የሃንጋሪውን ስኮላርሺፕ ልሞክር ትላለች። ቋንቋውን ብታውቅ ቅድሚያ ይሰጧታል እንዴ? ካልሰጧት እኔ ማትሱን ነው የምመርጠው እውነቱን ለመናገር

ብሎክ 11፦ እማማ ቀጥታ ልንገርዎት፣ አይሰጧትም። ስቲፔንዲየም ሁንጋሪኩም የሚባለው ነው፣ በ2013 በፈረንጆቹ የተጀመረው፣ አብዛኛው ሰው የሚያመለክተው በእንግሊዝኛ ለሚሰጥ ትምህርት ነው እና የሚያዩት ማርክ፣ ሞቲቬሽን ሌተር፣ የእንግሊዝኛ ችሎታ ነው። በሃንጋሪኛ መማር የሚፈልግ ቢኖር እንኳን እዛው አንድ ዓመት ሙሉ ከዜሮ ጀምረው ቋንቋ ያስተምሩታል። እኔ ለስኮላርሺፑ ይጠቅማል ብዬ አላውቅም

ብሎክ 9፦ ጨረሰው በቃ። ራሱ መሰከረ

ብሎክ 11፦ አልጨረስኩም ብሮ። ስኮላርሺፑ የሚሰጥህ ክፍያ የሌለው ትምህርት፣ ዶርም ወይም ለቤት ኪራይ 40,000 ፎሪንት (የነሱ ገንዘብ ነው)፣ ከዛ ለባችለርና ማስተርስ በወር 43,700 ፎሪንት ኪስ ገንዘብ ነው፣ ትኬት ራስህን ችለህ። በዛ ብር ወር አትደርስም ስለዚህ ትሰራለህ፣ ስራ ስትፈልግ ደግሞ ካፌ ሳህን ማጠብ እንኳን አለቃህ የሚያወራህ በሃንጋሪኛ ነው። እኔ ደብረጸን የመጀመሪያው ክረምት ፋርማሲ ገብቼ ጉሮሮዬን በእጄ እየያዝኩ አስላለሁ ሴትየዋ በሃንጋሪኛ ትጠይቀኛለች፣ የሆነ ነገር ሰጠችኝ፣ ቤት ስገባ ለካ የእግር ቅባት ነው 😭

ባለባጃጁ፦ ደብረጸን??? ገዳም ነው እንዴ የሄድከው

ብሎክ 11፦ 😂😂 ከተማ ነው፣ ከቡዳፔስት ቀጥሎ ትልቁ። እናቴም ስደውልላት ደብረጸን ነኝ ስላት "ጸበል አምጣልኝ" ብላኛለች

ብሎክ 9፦ ቀልዱን ትተን። የአሜሪካ ዲፕሎማቶች የሚማሩበት ተቋም ሃንጋሪኛን የሚያስቀምጠው 1100 ሰዓት ገደማ ከሚፈጁት ከባድ ቋንቋዎች ጋር ነው። በሳምንት 2 ሰዓት አስሉት፣ 550 ቅዳሜ። ከአስር ዓመት በላይ ማለት ነው። የብሎክ 3 እናት ልጅ አግብታ ወልዳ ልጇን ይዛ ክላስ ትመጣለች

የብሎክ 3 እናት፦ ኧረ ልጄን ተዋት 😅

ብሎክ 11፦ ቁጥሩ ልክ ነው ግን የተሰላው አፉን በእንግሊዝኛ ለፈታ ሰው ነው። ክርክሬም እዚህ ጋ ነው። ፈረንጁን የሚያሰቃየው ነገር እኛን ያን ያህል አያሰቃይም። እዩት፣ "ላቶክ" ማለት አያለሁ፣ "ላቶም" ማለት ግን አየዋለሁ። እንግሊዛዊው ለምን ግሱ ይቀየራል ብሎ ያለቅሳል እኛ እኮ ከጡት ጋር ነው የጠባነው፣ መጽሐፍ አነበብኩ እና መጽሐፉን አነበብኩት። "ሴሬትሌክ" በአንድ ቃል እወድሃለሁ ነው፣ እንደኛው ማንና ማንን አንድ ላይ አስሮ። ሃዝ ቤት፣ ሃዞም ቤቴ፣ ሃዞምቦን ቤቴ ውስጥ፣ እየለጠፉ መሄድ ነው። ድምፁም ያው፣ ች ኝ ሽ ዥ ሁሉም አላቸው። በነሱ ፊደል ኤስ ብቻውን ሲጻፍ ሽ ነው የሚነበበው፣ ከተማዋንም ራሳቸው ቡዶፔሽት ነው የሚሏት። እኛ ገና ስንል በዓሉንና "ገና ነው" የሚለውን በማጥበቅና በማላላት እንደምንለየው እነሱ ድምፅ በማስረዘም ትርጉም ይቀይራሉ፣ ኮር አጭሩ እድሜ ነው፣ ጎተት ካደረግከው በሽታ

ባለባጃጁ፦ ስንት ኮርህ ነው ብለህ ተሳስተህ ብትጎትት ስንት በሽታ አለብህ ልትል ነዋ። ማጃር ነው አሉ ራሳቸውን የሚጠሩት፣ ማጅራት የሚመታ ቋንቋ ነው በለኛ። ቆይ የሊቨርፑሉ ሶቦስላይ የነሱ አይደል? ለሱ ስል እመዘገባለሁ

ብሎክ 9፦ ጥሩ ጥሩውን ብቻ ነው የምትነግረን። 18 ገደማ የስም መድረሻ አለው፣ መድረሻው ደግሞ እንደ ቃሉ አናባቢ ይቀየራል፣ ቤት ውስጥ ሲሆን ቦን፣ ጓሮ ውስጥ ሲሆን ቤን። ከፊንላንድኛና ከኢስቶኒያኛ ጋር የሩቅ ዘመድ ነው፣ ከጎረቤቶቹ ከጀርመኖቹም ከስላቮቹም ጋር አይዛመድም ስለዚህ እንግሊዝኛ የምታውቀው ቃል ብዙም አይረዳህም። እኔ ጀርመንኛ ስጀምር ግማሹን በእንግሊዝኛ ገመትኩት

ብሎክ 11፦ ትክክል። ቃሉን ከባዶ ነው የምትጀምረው፣ በሽምደዳ ነው የሚገባው። ከንፈርህን ለፉጨት አሹለህ ኢ የምትልባቸው ድምፆችም አሉ፣ እስካሁን ይስቁብኛል

ጡረተኛው ብሎክ 6፦ ጤና ይስጥልኝ ልጆች። ዘግይቼ ነው ያየሁት መብራት ጠፍቶ ስልኬ ዘግቶ ነበር። እኔ በደርግ ጊዜ ተልኬ እዛው ነው የተማርኩት። ያን ጊዜ እንግሊዝኛ የሚባል ምርጫ የለም፣ አንድ ዓመት ቋንቋ ትማራለህ፣ ከዚያ ኢንጂነሪንጉን ከነሱ ልጆች እኩል በሃንጋሪኛ ትፈተናለህ። ስሜን ገልብጠው የአባቴን ከፊት ይጽፉት ነበር ደንባቸው ስለሆነ፣ አምስት ዓመት ሙሉ በአባቴ ስም ተጠራሁ። ታላቅን ባቺ ይላሉ፣ ሴትዮዋን ኔኒ፣ እንደኛ ጋሼ እትዬ ማለት ነው፣ ከስሙ ኋላ አስከትለው። ያከራዩኝ ኔኒ እኔ በቋንቋቸው የመጀመሪያውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር የተናገርኩ ቀን አለቀሱ። ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? ሾርባው ጨው አንሶታል ነው ያልኩት

የብሎክ 3 እናት፦ 😂 ጋሼ አሁንም ይችሉታል?

ጡረተኛው ብሎክ 6፦ አርባ ዓመት ማን አናግሮኝ። ቁጥር ስቆጥር ብቻ ሳላስበው ይመጣብኛል፣ ደረጃ ስወጣ በሃንጋሪኛ ነው የምቆጥረው

ብሎክ 11፦ ጋሼ አምስተኛ ፎቅ ኖት አይደል፣ ለካ እሱ ነው ሁሌ ሲያጉረመርሙ የምሰማው 😄

ብሎክ 9፦ ጋሼ ታሪክዎ ደስ ይላል ግን ጥያቄው የአዳራሹ ነው። ለአርባ ልጅ ማትስ ወይስ ለአምስት ልጅ ሃንጋሪኛ?

አድሚን፦ ልክ ነው። ጋሼ ድምፅዎን አልሰጡም

ጡረተኛው ብሎክ 6፦ አዳራሹን ለማትሱ ስጡት። አንተ ልጅ ግን ሐሙስን አትጠብቅ፣ እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ እኔ ቤት ና፣ ቡና ይፈላል። ለመማር የሚመጣ ካለ ወንበሩን ይዞ ይምጣ፣ ሶፋዬ ሦስት ሰው ነው የሚይዘው

ባለባጃጁ፦ ጋሼ አምስተኛ ፎቅ በርጩማ ተሸክሜ?? እሺ መጣሁ