ዋስትናው አልቋል፣ የቀኝ ፊት ጎማ ኩሽኔታ ግን አሁንም ይበላል፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ነጋዴዋ ከጅማ

ሰላም ለሁላችሁ። መኪና የሚያውቅም ሕግ የሚያውቅም ሰው ካለ እባካችሁ አንብቡልኝ፤ ትንሽ ይረዝማል።

ጅማ መርካቶ ሱቅ አለኝ። ዱቄት፣ ዘይትና ሳሙና ወደ ሰቃ፣ ሸቤና ዴዶ እየጫንኩ ለትንንሽ ሱቆች አከፋፍላለሁ። የምሠራበት መኪና ደብል ጋቢና ፒክአፕ ነው፤ የምነዳውም ራሴ ነኝ። አዲስ አበባ ካለ አስመጪ አዲሱን፣ ወንበሩ ከነላስቲኩ ነው የገዛሁት። በዚያ ገንዘብ ያገለገለ ገዝቼ ሱቄን ማስፋት እችል ነበር። አዲስ የመረጥኩት ለዋስትናው ብዬ ነው። ውሉ 3 ዓመት ወይም 100 ሺህ ኪሎ ሜትር ይላል፣ ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው። ሦስቱ ዓመት ዘንድሮ ሞላ። ኪሎ ሜትሩ ግን ገና 80 ሺህዎቹ ውስጥ ነው።

ችግሩ የቀኝ ፊት ጎማ ኩሽኔታ ነው፤ ጎማው የሚሽከረከርበት፣ በሁለት ቀለበት መካከል ኳሶች ያሉት ብረት ማለቴ ነው። መጀመሪያ የሰማሁት ከአዲስ አበባ ስመለስ፣ ግቤ ቁልቁለት ላይ ነው። መስኮት ዘግቼ ነበር። «ውውው» የሚል፣ ከወለሉ ስር የሚመጣ ድምፅ። ፍጥነት ስጨምር ይጨምራል። ማርሽ ብቀይር አይለወጥም። ጠመዝማዛው ላይ መሪውን ወደ ግራ ሳዞር ይጮሃል፣ ወደ ቀኝ ስመልሰው ዝቅ ይላል። እዚያው ነው ከጎማ እንጂ ከሞተር እንዳልሆነ የገባኝ።

የአስመጪው ጋራዥ በዋስትና ቀየረልኝ። አመስግኜ ተመለስኩ። ወራት ሳይቆይ ያው ድምፅ፣ በያው ጎን። እንደገና አዲስ አበባ፣ እንደገና ተቀየረ። ሲያስረክቡኝ «የጅማ መንገድ ነው የሚበላው» አሉኝ። የማልስማማው እዚህ ላይ ነው። የግራው ኩሽኔታ ከፋብሪካ እንደመጣ ነው፣ ማንም ነክቶት አያውቅም። ሁለቱም ያንኑ ጭነት ይሸከማሉ፣ ያንኑ ጭቃ ይረግጣሉ። መንገዱ ቀኙን ለይቶ ይበላል ወይ?

አሁን ድምፁ ተመልሷል። ስደውልላቸው «የዋስትና ጊዜዎ አልፏል፣ ዕቃውንም የእጅ ዋጋውንም ሙሉ ይከፍላሉ» አሉኝ። ጅማ እስከ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሄድኩ ቁጥር ሱቅ ተዘግቶ፣ ነዳጅና አልጋ ተከፍሎ ነው። እዚህ ያሳየሁት ጋራዥ ደግሞ «ኮፒ ገዝተሽ ግጠሚና ተገላገይው» ይላል።

ማወቅ የምፈልገው፦ በዋስትና ውስጥ የጀመረ ችግር ዋስትናው ሲያልቅ የእኔ ብቻ ዕዳ ይሆናል ወይ? ደግሞስ ለምን ቀኙ ብቻ? የጥገና ወረቀቶቹ ሁሉም እጄ ላይ አሉ።

የአጂፕ ሰፈር መካኒክ

እህቴ፣ ጥሩ አድርገሽ ነው የገለጽሽው። ወደ ግራ ስትዞሪ የመኪናው ክብደት ወደ ቀኝ ያጋድላል። ስለዚህ የሚጮኸው የቀኙ ነው፣ ልክ ነሽ። ለማረጋገጥ በክሪክ አንሺውና አንድ እጅሽን የአሞርዛተሩ ሞላ ላይ አሳርፈሽ ጎማውን በሌላው እጅሽ አሽከርክሪ። ኩሽኔታው ከተበላ ሞላው ላይ አሸዋ እንደሚፈጭ ነገር ይሰማሻል። ጆሮ ያሳስታል፣ እጅ ግን እምብዛም አያሳስትም።

«መንገዱ ነው» የተባለውን በሙሉ አልጥለውም። እኛ በቀኝ ስለምንነዳ የተቆራረጠው የአስፋልት ጠርዝ የሚያገኘው ቀኝ ጎማውን ነው። ክረምት ላይ ውሃ ውስጥ መግባትም የኩሽኔታውን የላስቲክ መከለያ አልፎ ግራሶውን ያበላሻል። ግን ይህ ቢሆን ግራውም ቢዘገይ እንጂ አይቀርም ነበር። አንዱ ጎን እየተደጋገመ፣ ሌላው ከፋብሪካ እንደመጣ ከቆየ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው አገጣጠሙን ነው።

ምክንያቱን ላስረዳሽ። የአንቺ ዓይነት መኪና ላይ ኩሽኔታው ቤቱ ውስጥ (የሚቀመጥበት ክብ ቀዳዳ) በፕሬስ ተገፍቶ ነው የሚገባው። ቤቱ ውስጥ ሲገባ መገፋት ያለበት የውጪው ቀለበት ብቻ ነው። ከዚያ ሞዞው (ጎማው የሚታሰርበት ብረት) ሲገባ ደግሞ የውስጡ ቀለበት ከኋላ መደገፍ አለበት። ይህ ከተዛባ፣ ወይም ሰው ቸኩሎ በመዶሻ ከመታው፣ ኃይሉ ከአንዱ ቀለበት ወደ ሌላው የሚሻገረው በኳሶቹ በኩል ነው። ኳሶቹ የሚሮጡበትን መንገድ ይወጉታል። ጠባሳው በዓይን የማይታይ ሊሆን ይችላል። መኪናው ከጋራዥ ዝም ብሎ ይወጣል፣ ከተወሰነ ኪሎ ሜትር በኋላ ከዚያች ጠባሳ ተነስቶ ብረቱ መላጥ ይጀምራል። «ቀይረንልሻል፣ መንገድሽ ነው» የሚባለው ያኔ ነው።

ሁለተኛ የማየው ትልቁን ዳዶ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ኩሽኔታ ሁለት ረድፍ ኳስ አለው፣ ውስጡን አጥብቆ የሚይዘው ያ ዳዶ ነው። በአየር መፍቻ «ጠበቀ» ተብሎ አይተውም። የመኪናው መጽሐፍ በሚያዘው ልክ በቶርክ መፍቻ፣ ማለትም የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ ነው የሚጠብቀው። ሦስተኛ፣ የቀድሞው ሲወጣ ቤቱ ተፍቆ ወይም ሰፍቶ ከሆነ አዲሱ የውጪ ቀለበት ውስጡ ይሽከረከራል። ቶርኖ ቤት ወስደሽ በማይክሮሜትር ማስለካት ነው።

አሁን የምለምንሽ ነገር አለ። ይህኛው ሲወጣ አጠገቡ ቁሚ፣ አሮጌውንም ይዘሽ ሂጂ። ከመውጣቱ በፊትም በኋላም ፎቶ አንሺው። ለክርክርሽ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ እሱ ነው።

ጠበቃ ነኝ

እህት፣ ከወረቀቱ በኩል ልጨምር። እርስዎ ጋ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ፤ አስመጪው እንደ አንድ አድርጎ ነው የሚመልስልዎ።

አንደኛው የ3 ዓመቱ የውል ዋስትና ነው። እሱ ጊዜው አልፏል። ሁለተኛው ሕጉ ራሱ በሻጭ ላይ የሚጥለው የተደበቀ ጉድለት ኃላፊነት ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሽያጭ ክፍል ውስጥ ያገኙታል። ገዢ ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ ለሻጩ ማሳወቅ አለበት፤ ካሳወቀ በኋላ ደግሞ ክስ የሚያቀርብበት ጊዜ አንድ ዓመት ነው፣ ሻጩ አታሎት ካልሆነ በቀር። ብዙ ሰው መብቱን የሚያጣው እዚህ ነው፤ በስልክ እየተነጋገረ ዓመቱ ያልቅበታል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም አለ። ጉድለት ያለበት ዕቃ እንዲቀየር ወይም ገንዘብ እንዲመለስ ለመጠየቅ የሚሰጠው ግን ከግዢው ጀምሮ 15 ቀን ነው፤ ለመኪናዎ አይደርስም። ለሚቀጥለው መለዋወጫ ግዢ ግን ይያዙት።

ሦስተኛው ጥገናው ራሱ ነው። ለእርስዎ ጠንካራው ይህ ይመስለኛል። ጋራዡ ኩሽኔታውን ሲቀይር ሥራ ሠርቷል። ሥራው በአግባቡ ካልተሠራ ጥያቄው «መኪናው ዋስትና አለው ወይ?» መሆኑ ይቀራል፤ «የሠራችሁት ሥራ ትክክል ነበር ወይ?» ይሆናል። ስለዚህ መካኒኩ ያሉትን አሮጌ ዕቃ በእርግጥ ይያዙት።

በሻንሲ ቁጥርዎ ሙሉ የጥገና ታሪክ እንዲሰጥዎ በደብዳቤ ይጠይቁ። የደብዳቤው ቅጂ ላይ ቀንና ማኅተም ያስመቱ፣ ወይም በአደራ ፖስታ ይላኩት። በዚያው ደብዳቤ ጉድለቱ በዋስትና ዘመን በየትኛው ቀን እንደተመዘገበ፣ አሁንም ያው መሆኑን ይጻፉ። ስድብም ዛቻም አያስፈልግም።

የአጋሮ መንገድ

እኔ ቡና ነው የምጭነው፣ ያየሁትን ልናገር። ኮፒ ኩሽኔታ ገዝቶ መገላገል የሚባል ነገር የለም። ካርቶኑ ላይ ኤስኬኤፍ ወይም ኮዮ የሚል የታወቀ የኩሽኔታ አምራች ስም ስለተጻፈ ኦሪጅናል ነው ማለት አይደለም፤ ካርቶን ማሳተም ቀላል ነው። ኤስኬኤፍ ዕቃውን ፎቶ አንስተሽ ልከሽ የምታረጋግጪበት የስልክ መተግበሪያ አለው፣ ተጠቀሚበት። ብዙ አምራቾች ደግሞ በገንዘብሽ ለገዛሽው ኦሪጅናል መለዋወጫ የራሱ ዋስትና ይሰጣሉ። በዋስትና በነፃ የተቀየረ ዕቃ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚቆየው የመኪናው ዋስትና እስኪያልቅ ብቻ ነው። የዋስትና መጽሐፍሽን አገላብጪው።

ሪኮል መኖር አለመኖሩንም ጠይቂ። ሪኮልና ዋስትና የተለያዩ ናቸው። የደህንነት ጉድለት ሲገኝ አምራቹ መኪናውን በሻንሲ ቁጥር ይጠራዋል፣ ዋስትናው ያለፈም ቢሆን። ታካታ የተባለው ኩባንያ የሠራው ኤርባግ ጉድለት የተገኘበት ጊዜ በዓለም ዙሪያ ስንት አሮጌ መኪና ተጠርቷል። ኩሽኔታም ቀልድ አይደለም እህቴ። ጨርሶ ከተበላ ጎማው መወዛወዝ ይጀምራል፤ ጭነሽ ግቤን እንዳትወርጂበት።

ነጋዴዋ ከጅማ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ መካኒኩ፣ እንዳሉኝ ቶርኖ ቤት ወስጄ በፕሬስ አስወጣሁት፤ አጠገቡ ቆሜ። የውስጡን ቀለበት በጨርቅና በናፍጣ አጥበን ብርሃን ላይ ያዝነው። ኳሶቹ የሚሮጡበት መንገድ ላይ ትንንሽ ጎድጎድ ያሉ ነጥቦች አሉ፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት እኩል። ልጁ ኳሶቹን አጠገባቸው ሲያስቀምጣቸው በልክ ገጠሙ። አንደኛው ነጥብ ዙሪያ ብረቱ እንደ ቅርፊት ተልጧል፣ ጥፍሬ ያዘው። ቤቱን ለካው፣ ደህና ነው አለኝ። ታዲያ ይህ አሁን ሲወጣ የደረሰ ሊሆን አይችልም ወይ? እነሱ እንደዚያ ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ?

የአጂፕ ሰፈር መካኒክ

በጣም ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ይሉሻልም። ሲወጣም ይወጋል፣ እውነት ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፦ አሁን የተወጋ ነጥብ ጠርዙ ስለታም ነው፣ ውስጡ ያበራል። ኳሶቹ ለወራት የተመላለሱበት ነጥብ ደግሞ ጠርዙ ተልጎ፣ ቀለሙ ደብዝዞ ነው የሚገኘው። መላጥ የጀመረበት ደግሞ በአንድ ቀን የሚሆን አይደለም፤ ብረት እንደ ቅርፊት የሚላጠው ተጭኖ ሲሽከረከር ነው። ቅርፊት ያለበትን ነጥብ ከቅርብ ፎቶ አንሺው፣ ጎኑ ላይ የተጻፈው ቁጥርም ይታይ። ግራሶውን ከዚህ በላይ አትጠቡት።

አዲሱ ሲገባ አንድ ነገር ተጠንቀቂ። የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) ሴንሰር ካለው፣ ማግኔት ያለበት ጠቆር ያለው ፊት ወደ ሴንሰሩ መዞር አለበት። ተገልብጦ ከገባ የኤቢኤስ መብራት ይበራብሻል፣ ለማስተካከል ደግሞ እንደገና ማስወጣት ነው።

ነጋዴዋ ከጅማ

ደብዳቤውን ከፎቶዎቹ ጋር አስገባሁ፣ ማኅተምም አስመታሁ። መጀመሪያ ሙሉ ክፈዪ ያሉኝ ሰዎች አሁን ደውለው «ዕቃውን ይግዙ፣ የእጅ ዋጋውን እኛ እንችላለን፣ እንደ ትብብር ይያዙልን» አሉኝ። ስለ አገጣጠሙ ግን አንድም ቃል አልተነፈሱም። መኪናው ቆሞ ደንበኞቼ ወደ ሌላ አከፋፋይ እየሄዱ ነው። ልቀበል ወይስ ልግፋበት?

ጠበቃ ነኝ

መኪናው የእንጀራዎ ነው፤ ብዙ ማቆም አያዋጣዎትም። አምራቾች ዋስትና ካለፈ በኋላ ወጪ መጋራታቸው የተለመደ ነው። ብዙ ጊዜ ግን «ጥፋት አምነን አይደለም» በሚል ወረቀት ይመጣል። መቀበል ይችላሉ፤ «ከዚህ በኋላ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ዓረፍተ ነገር ካለበት ግን ያሰርዙት። እኔ ብሆን ዕቃውንም በነፃ እንዲያደርጉት አንድ ጊዜ በጽሑፍ እጠይቃለሁ፤ ፎቶዎቹ አቅም ሰጥተዎታል። አሮጌውን ኩሽኔታ ይዘው ሄደው ያሳዩ እንጂ አያስረክቡ። ዳዶው በቶርክ መፍቻ ሲጠብቅ ማየት እንደሚፈልጉ አስቀድመው ይንገሯቸው። የዕቃው ዋስትናና የሥራው ዋስትና ስንት ወር እንደሆነ ለየብቻው ደረሰኙ ላይ ካልተጻፈ መኪናውን ተረክቤያለሁ ብለው አይፈርሙ።