የሚቀጥለው ዙር የትምህርት ቤቶች ድጋፍ አሰጣጥ፦ በረቂቁ ላይ የተደረገ የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፦
ባለፈው ጉባኤ የተባለው ሁሉ በቃለ ጉባኤው ስላለ አልደግመውም። ለፋውንዴሽናችን ቦርድ የምናቀርበው የድጋፍ አሰጣጥ መመሪያ ረቂቅ ዓላማው አንድ ነው፤ በሦስት ተከታታይ ዙሮች አንድም ማመልከቻ ላላስገቡት ሦስት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች መንገድ መክፈት። አሁን ባለው አሠራር መምህሩ ቅጹን ይሞላል፣ ርዕሰ መምህሩ ይፈርማል፣ ገምጋሚዎች የትምህርት ቤቱን ስም ሳያዩ ነጥብ ይሰጣሉ፣ ገንዘቡም ከአንደኛው ጀምሮ እስኪያልቅ ድረስ ይከፋፈላል። ስሙን መሸፈናችን አድልዎን ያስቀራል ብለን ነበር፤ ነገር ግን ስሙ ቢሸፈንም አጻጻፉ አይሸፈንም፤ ማመልከቻ መጻፍ የለመደ መምህር ያለበት ትምህርት ቤት በየዙሩ ያሸንፋል፤ ሦስት የትምህርት ዓይነት ደርቦ የሚያስተምረው ግን ቅጹን ገልጦ አይቶ ይተወዋል። ስለዚህ ከገንዘቡ አንድ ሦስተኛው ለእነዚህ ይለይ፤ ቅጹም አንድ ገጽ ይሁንና ከእኛ አንዱ በቦታው ተገኝቶ እየጠየቀ ይሙላው እላለሁ። እስከ ዓርብ ሐሳባችሁን ስጡ።

ገንዘብ ያዥ፦
አንድ ሦስተኛው ከየትኛው ገንዘብ እንደሚነሣ አልተጻፈም። በእጃችን ካለው ግማሽ ያህሉን ለጋሾቹ ለሳይንስ ወይም ለቤተ መጻሕፍት ብቻ ይዋል ብለው የሰጡት ነው፤ ያንን ለሌላ ማዋል ቃል ማፍረስ ይሆናል። ሌላው ደግሞ፣ በቀድሞው መመሪያ አንቀጽ 7 ላይ የነበረው የስቲከር ግዴታ ለምን ወጣ? በእኛ ገንዘብ የተገዛ ዕቃ ሁሉ የፋውንዴሽኑ ስም እንዲለጠፍበት የሚለው ካልተመለሰ እኔ አልፈርምም።

ጸሐፊ፦
ያወጣሁት ረቂቁን ለማሳጠር ብቻ ነው። እባካችሁ ወደ አንድ ሦስተኛው እንመለስ።

ጡረታ የወጣች መምህርት፦
እኔ ግን በመውጣቱ ተደስቻለሁ። ባለፈው ክትትል በአንድ ትምህርት ቤት የሰጠነውን ማይክሮስኮፕ ከነፕላስቲክ ሽፋኑ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት አገኘሁት። መምህሩን ለምን ብዬ ብጠይቀው መልስ ሳይሰጠኝ ስቲከሩን በጣቱ አሳየኝ፤ «ንብረትነቱ የፋውንዴሽኑ ነው» ይላል። አንድ ልጅ ሌንሱን ቢሰብር ተጠያቂው እኔ ነኝ አለኝ። ልጆቹ የሽንኩርት ልጣጭ ሴል የሚያውቁት አሁንም ከመጽሐፍ ሥዕል ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
እትዬ፣ ያዩትን አልክድም፤ ሆኖም የፕሮጀክተሩን ነገር ሁላችንም እናውቃለን። መምህሩ ሲዛወር አብሮት ሄደ፤ የኛ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ስላልነበረው ማስመለስ አልቻልንም። ለለጋሾቹ ያንን ያስረዳሁት እኔ ነበርኩ።

የቀድሞ ርዕሰ መምህር፦
በዚያ ጉዳይ ትምህርት ቤቶችን በሙሉ በሌብነት የመጠርጠሩ ነገር ይብቃ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ንብረት ተረክቤ አስረክቤአለሁ፤ አንድ ወንበር እንኳ አልጎደለብኝም። በስጦታ ላይ የሰጪው ስም በጉልህ ሲለጠፍ ተቀባዩ ምን እንደሚሰማው አስባችሁበት ታውቃላችሁ?

ገንዘብ ያዥ፦
ሌባ ያልኩት ሰው የለም። ያላልኩትን አይበሉኝ።

የሒሳብ ተቆጣጣሪ፦
ስማችን የማይታይ ከሆነ የሚቀጥለውን መዋጮ በምን እንጠይቃለን? ለጋሽ ትምህርት ቤት ገብቶ በዓይኑ ማየት ይፈልጋል። ስቲከሩ ይመለስ።

ወላጅ ተወካይ፦
ቢመለስስ ምን ያህል ይሁን? መጻሕፍቱ ላይ ያለው ርዕሱን ይሸፍናል። ልጄ የመዝገበ ቃላቱን ስም ያነበበችው ስቲከሩን በጥፍሯ ፍቃ ነው።

ወጣት አባል፦
ጋሼ፣ ሁላችሁም ልክ ናችሁ፤ ግን ሁለት ነገር ተደበላልቋል። ስም ማስተዋወቅ አንድ ነገር ነው፤ ንብረትን መከታተል ሌላ ነው። ዶነርስቹዝ የተባለው ለትምህርት ቤቶች መዋጮ የሚያሰባስብ የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 በኒው ዮርክ ከተማ ብሮንክስ ውስጥ በአንድ መምህር የተጀመረ ሲሆን ለመምህራን ጥሬ ገንዘብ አይልክም፤ የጠየቁትን ዕቃ ራሱ ገዝቶ ወደ ትምህርት ቤቱ ይልካል። እኛም እንዲህ ብናደርግ ደረሰኙ በእጃችን ይቀራል፤ ዕቃው በትምህርት ቤቱ ንብረት መዝገብ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ስቲከሩ የሚለው «ስጦታ» ብቻ ይሆናል። ለሦስቱ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ቅጹን እየዞርኩ የምሞላው እኔ ነኝ፤ በሚቀጥለው ሳምንት እጀምራለሁ።

የቀድሞ ርዕሰ መምህር፦
ይህ ሚዛን ያለው ሐሳብ ነው። ቀደም ሲል የተናገርኩት በቁጣ ነበርና ገንዘብ ያዣችን ይቅር ይበሉኝ። ነገር ግን ሦስቱ ትምህርት ቤቶች የማያመለክቱት ቅጹ ስለረዘመባቸው ብቻ አይደለም። ቅጹ «አዲስና ፈጠራ የታከለበት» ሥራ ይጠይቃል፤ እነሱ የጎደላቸው ወንበርና ጥቁር ሰሌዳ ነው። መተዳደሪያ ደንባችን ደግሞ ከመደበኛ በጀት መሸፈን ያለበትን አንሸፍንም ይላል፤ የእኛ ገንዘብ ሲገባ የበጀቱ እጅ እንዳያጥር የተጻፈ ስለሆነ እኔም እደግፈዋለሁ። እናም አንድ ገጽ ብናደርገውም ያው ጥያቄ ከተጠየቁ መልሳቸው ያው ነው። ጥያቄው ራሱ «ምን ጎደለባችሁ» ተብሎ መቀየር አለበት።

ገንዘብ ያዥ፦
ይቅርታው በኔም በኩል ይሁን። ዕቃ ገዝቶ መላኩን እቀበላለሁ፤ ግን እያንዳንዱ ዕቃ መለያ ቁጥር ይኑረው፣ ስቲከሩም ቁጥሩን ይያዝ፣ በዓመት ሁለት ጊዜም ቆጠራ ይደረግ። ለቆጣሪው መጓጓዣ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ እሱ የሚነሣው ካልታሰረው፣ ማለትም ለጋሾቹ ለዚህ ብቻ ይዋል ካላሉት ገንዘብ ነው።

ጡረታ የወጣች መምህርት፦
ያልታሰረው ለሦስቱ ትምህርት ቤቶች የታሰበው አልነበረም?

የሒሳብ ተቆጣጣሪ፦
ያለ ቆጠራ ቁጥር መለጠፉ ትርጉም የለውም።

ጸሐፊ፦
በአሜሪካ በኦሪገን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ ወላጆች ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት ከሚያዋጡት ከመጀመሪያው 10,000 ዶላር በላይ ካለው አንድ ሦስተኛው ለሌሎች ትምህርት ቤቶች የጋራ ቋት ይገባ ነበር፤ ይህ ለብዙ ዓመታት ተሠርቶበታል። የእኔም አንድ ሦስተኛ ከዚያ የተወሰደ ነው። ቆጠራው ከየትኛውም ቢከፈል ይህ ድርሻ እንዳይነካ እለምናለሁ።

ወላጅ ተወካይ፦
እዚያ የሚከፈለው ትርፉ ነው፤ የእኛ ግን ዋናው ገንዘብ ነው። የእኔ ልጅ ትምህርት ቤት ሁልጊዜ ስለሚያሸንፍ በዚህ ላይ ድምፅ አልሰጥም፤ ነገር ግን አንድ ሦስተኛው በዝቷል የሚሉ ወላጆች መኖራቸውን ልደብቅ አልችልም።

ገንዘብ ያዥ፦
አንድ አሥረኛ ይበቃል።

የሒሳብ ተቆጣጣሪ፦
እስማማለሁ።

ጸሐፊ፦
ዓርብ አልፏል። የተሻሻለው ረቂቅ እንዲህ ነው፤ አንቀጽ 7 ተመልሶ ወደ አራት ንዑስ አንቀጾች ሰፍቷል፤ ግዢ በፋውንዴሽኑ ይፈጸማል፤ መለያ ቁጥርና «ስጦታ» የሚል ትንሽ ስቲከር ይለጠፋል፤ ቆጠራ በዓመት ሁለት ጊዜ ይደረጋል። ለማያመለክቱት ትምህርት ቤቶች ካልታሰረው ገንዘብ የቆጠራው ወጪ ከተቀነሰ በኋላ እስከ አንድ አሥረኛ ይለያል። የቅጹ ጥያቄ መቀየር ለሚቀጥለው ጉባኤ ተላልፏል፤ ይህን ስጽፍ ከልቤ አዝኛለሁ። ወጣቱ አባላችን ሦስቱን ትምህርት ቤቶች ስለመጎብኘቱ ሁለት ጊዜ ጽፌለት መልስ አላገኘሁም።

ጡረታ የወጣች መምህርት፦
በቁጥሩ ላይ ተቃውሞ የለኝም፤ «ንብረትነቱ» የሚለው ቃል መውጣቱን ብቻ አረጋግጡልኝ። ማክሰኞ ወደ ሁለቱ ትምህርት ቤቶች እኔ እሄዳለሁ። ሦስተኛው ራቅ ስለሚል አብሮኝ የሚሄድ ሰው እፈልጋለሁ። ቅጹን በወረቀት አትሙልኝ፤ በጀርባው «ምን ጎደለባችሁ» ብዬ በእጄ እጽፍበታለሁ።