በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ የባሕር ዳክዬ አደን ለመጀመር ምን ያስፈልገኛል?

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ 12

ጤና ይስጥልኝ። ሜሪላንድ ውስጥ አጋዘን ማደን ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆኖኛል፤ ባለፈው መስከረም ደግሞ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ዋኖስ ለማደን ወጥቼ፣ በሚበር ወፍ ላይ መተኮስ ምን ያህል የተለየ ሙያ እንደሆነ አየሁ። ወደ ባሕር ዳክዬ ልቤን የሳበው ግን በጥር ወር ከቲልግማን ደሴት ዳርቻ ቆሜ ያየሁት ነገር ነው። ጥቋቁር ዳክዬዎች ረድፍ ሠርተው፣ ክንፋቸው ማዕበሉን የሚነካ እስኪመስል ድረስ ዝቅ ብለው፣ ከባሕረ ሰላጤው መካከል ወደ ቾፕታንክ ወንዝ አፍ ይጎርፉ ነበር።

በፖቶማክ ወንዝ ዓሣ የማጠምድባት ባለ 14 ጫማ የአሉሚኒየም ጀልባ አለችኝ፤ ሞተሯ 9.9 የፈረስ ጉልበት ነው። ጠመንጃዬ ባለ 12 ጌጅ ፓምፕ ሾትገን (ጥቃቅን ፍሬ የሚረጭ ጠመንጃ) ነው። በእነዚህ ብቻ መጀመር እችላለሁ ወይስ ሌላ ዕቃ መግዛት ይኖርብኛል? ወፎቹን ለመሳብ ውኃ ላይ የሚንሳፈፉት ሰው ሠራሽ አሳሳች ዳክዬዎች ስንት ያህል ይበቃሉ? ፈቃዱስ ከአጋዘኑ በምን ይለያል? ልምድ ያላችሁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፦ የምሥራቁ ዳር

ወንድሜ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የጀልባውን ጥያቄ ልመልስልዎ። በዚያች ጀልባ ወደ ክፍቱ ውኃ አይውጡ። ይህን የምለው ተስፋ ላስቆርጥዎ ብዬ ሳይሆን እኔም በጀመርኩበት ዓመት ያደረግሁት እርሱኑ ስለነበረ ነው።

ቼሳፒክ ሰፊ ቢሆንም ጥልቀቱ በአማካይ 6.4 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ውኃው እንዲህ ጥልቀት ስለሌለው ነፋስ ሲነሣበት እንደ ውቅያኖስ ረጅምና የተዘረጋ ማዕበል አያበጅም፤ የሚያበጀው አጭር፣ ቀጥ ያለና ተከታትሎ የሚመታ ማዕበል ነው። የውኃው ፍሰት ወደ ደቡብ ሲወርድ የደቡብ ነፋስ ፊት ለፊት ከገጠመው ደግሞ፣ ከግማሽ ሰዓት በፊት ጸጥ ያለ የነበረው ቦታ ለትንሽ ጀልባ የማይቻል ይሆናል። እኔና ጓደኛዬ በዚያ ዓመት አንድ ጠዋት የሠራነው ስሕተት መልሕቁን ከጀልባው ኋላ ማሰራችን ነበር። ሞተሩ የተሰቀለበት የኋላው ግድግዳ ዝቅ ያለ ነውና ሁለተኛው ማዕበል ዘልሎ ገባ፣ በሦስተኛው ውኃው ከቁርጭምጭሚታችን በላይ ደረሰ። ጓደኛዬ ገመዱን በቢላዋ ባይቆርጠው ኖሮ ይህን መልስ የሚጽፍልዎ ሌላ ሰው በሆነ ነበር። መልሕቅ ምንጊዜም ከፊት ይታሰራል።

ቅዝቃዜው ሌላ ነገር ነው። በጥርና በየካቲት ውኃው ብዙ ጊዜ ከ5 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ይወርዳል። የቀዝቃዛ ውኃ አደጋን የሚያስተምሩ ሰዎች «1፣ 10፣ 1» የሚሉት ስሌት አላቸው። የወደቀ ሰው ትንፋሹን ለመቆጣጠር 1 ደቂቃ ያህል፣ እጅና እግሩ ሳይከዱት ራሱን ለማዳን 10 ደቂቃ ያህል፣ ራሱን ከመሳቱ በፊት ደግሞ 1 ሰዓት ያህል አለው ማለት ነው። ሰው የሚሞተው ሰውነቱ በርዶ ብቻ አይደለም፤ በመጀመሪያው ደቂቃ ደንግጦ ውኃ በመሳብም ይሞታል። ስለዚህ የሕይወት አድን ጃኬት ጀልባው ውስጥ መኖሩ ሕጉን ያሟላ እንደሆነ እንጂ እርስዎን አያድንም፤ ከወደብ ከመነሣትዎ በፊት ከካፖርትዎ በላይ ለብሰውት ሊሆን ይገባል። የሞተሩን ማጥፊያ ገመድም በሰውነትዎ ላይ ያስሩ። ከሚያዝያ 2021 ጀምሮ ከ26 ጫማ ባነሱ ጀልባዎች ላይ በፍጥነት ሲጓዙ ይህ በፌዴራል ሕግ ግዴታ ሆኗል። ነፋሱ ከ15 ኖት (በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ገደማ) በላይ ይሆናል የሚል ትንበያ ካዩ እኔን ይምሰሉ፤ ቤትዎ ቡና ያፍሉ።

ታዲያ እንዴት ይጀመራል ቢሉኝ፣ የመጀመሪያውን ዓመት ከመሪ ጋር ይውጡ እላለሁ። አብዛኞቹ የሚያድኑት ሌይአውት በሚባል ጀልባ ነው። ይህ ጀልባ ከውኃው ወለል እምብዛም ከፍ የማይል፣ ግራጫ ቀለም የተቀባ፣ አዳኙ በጀርባው ተኝቶ የሚጠብቅበት ነው። ትልቁ አጃቢ ጀልባ ጥቂት መቶ ሜትሮች ራቅ ብሎ ይቆማል፤ የወደቀውን ዳክዬ የሚለቅመውና ተኳሾችን በየተራ የሚያቀያይረው እርሱ ነው። ያለ አጃቢ ሌይአውት ውስጥ መተኛት ፈጽሞ አይገባም። ደግሞም በክፍያ ሰው የሚጭን ጀልባ ነጂ ከአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ጥበቃ የተሰጠ የካፒቴን ፈቃድ ሊኖረው ስለሚገባ፣ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ያሳየኝ ማለት መብትዎ ነው፤ ማፈር አያስፈልግም።

መልስ፦ ባለ ሾትገኑ

የምሥራቁ ዳር በጀልባው ጉዳይ የጻፉትን ሁሉ እቀበላለሁ፤ ስለዚህ እኔ ወደ ጠመንጃውና ወደ ወፉ አልፋለሁ።

ጠመንጃዎ በቂ ነው። ሦስት ኢንች ጥይት የሚቀበል ከሆነ ሌላ አይግዙ፤ የጨው ውኃ የሚያበላሸውን ዕቃ በውድ ዋጋ መግዛት ከንቱ ነው፤ ሲመለሱ ወዲያው ፈትተው ማጠብና ዘይት መቀባት ብቻ አይርሱ። ሕጉ ጠመንጃው በአንድ ጊዜ ከሦስት ጥይት በላይ እንዳይዝ ስለሚያዝዝ የጠመንጃውን ጥይት መያዣ የሚያጠብበው መሰኪያ መኖሩን ያረጋግጡ። የእርሳስ ፍሬ ያለው ጥይት ለውኃ ወፍ ከ1991 ጀምሮ በመላው አገሪቱ የተከለከለ ነው። እኔ ቁጥር 2 የብረት ፍሬ እጠቀማለሁ፤ እነዚህ ወፎች ላባቸው ወፍራም፣ ሰውነታቸውም ጠንካራ ነውና በአነስተኛ ፍሬ ማቁሰል እንጂ መጣል አይቻልም።

ርቀቱን በተመለከተ ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳትበት ነገር አለ። በክፍት ውኃ ላይ ዛፍ፣ ሸምበቆ፣ ዐይን የሚለካበት አንዳችም ነገር የለም፤ ስልሳ ሜትር ላይ ያለው ዳክዬ ሠላሳ ላይ ያለ ይመስላል። ስለዚህ የመጨረሻውን አሳሳች ዳክዬ ከራስዎ 30 ሜትር ያህል ርቆ እንዲቀመጥ አድርገው፣ ከእርሱ ወዲያ ላለው ወፍ ጠመንጃ አያንሡ። ዝቅ ብለውና ቀጥ ብለው ስለሚበሩ ዝግ ያሉ ይመስላሉ፤ አይደሉም። ወፉን ከኋላው ጀምረው በመከተል አልፈውት፣ እጅዎን ሳያቆሙ ይተኩሱ። የቆሰለው ደግሞ ውኃ ላይ እንደወደቀ ወዲያው በሁለተኛ ጥይት ሊጨረስ ይገባዋል፤ ይህን ጭካኔ አድርገው አይቁጠሩት። ከባሕር ዳክዬዎቹ አንዱ የሆነው ባለ ረጅም ጅራቱ ዳክዬ እስከ 60 ሜትር ገደማ ጠልቆ መዋኘት የሚችል ወፍ ነው፤ አንዴ ከጠለቀ እርስዎ ባላሰቡት አቅጣጫ ብቅ ይላል፣ ወይም ጭራሽ አይገኝም። ሁለተኛውን ጥይት ከመተኮስዎ በፊት ግን ጥይቱ በሚሄድበት አቅጣጫ አጃቢው ጀልባ አለመኖሩን ይመልከቱ፤ ውኃ ላይ ዝቅ ብሎ የተተኮሰ ፍሬ ነጥሮ ሩቅ ይሄዳል።

አሳሳች ዳክዬዎች ሁለት ወይም ሦስት ደርዘን ለመጀመር ይበቃሉ። አንድ በአንድ በየመልሕቃቸው አይጣሉም፤ በሁለት ጫፉ ክብደት በታሰረበት ረጅም ገመድ ላይ በማያያዣ ይሰቀላሉ፤ እንዲህ ያሉ ሁለትና ሦስት ገመዶች ጎን ለጎን ሲዘረጉ መንጋ ይመስላሉ። ዳክዬ ነፋስን ፊት ለፊት ይዞ ነው የሚያርፈው፤ ስለዚህ ነፋሱ ከጀርባዎ ሆኖ አሳሳቾቹ ከፊትዎ ይዘርጉ።

ወፎቹን መለየት ግን ከሁሉ ይቀድማል። በቼሳፒክ ስኮተር የሚባለው የባሕር ዳክዬ ሦስት ዓይነት አለ፤ አንደኛው ወንዱ በግንባሩና በማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው፣ ሁለተኛው ወንዱ በምንቃሩ ሥር ብርቱካናማ እብጠት ያለው፣ ሦስተኛው ደግሞ በክንፉ ላይ ነጭ ያለው። ሴቶቹ ቡናማ ስለሆኑ ያስቸግራሉ። በአትላንቲክ ዳርቻ ቀድሞ የነበረው የተለየ የባሕር ዳክዬ ወቅት ከ2022 ጀምሮ ቀርቷል፤ አሁን የሚታደኑት በመደበኛው የዳክዬ ወቅት ነው፤ በቀን ከሚፈቀዱት 6 ዳክዬዎች ውስጥ የባሕር ዳክዬዎች ከ4 እንዳይበልጡ፣ ስኮተሮቹም ሦስቱ ዓይነት ተደምረው ከ3 እንዳያልፉ ተወስኖ ነበር። ቁጥሩና ቀኑ በየዓመቱ ስለሚታደስ የዓመቱን መመሪያ ያንብቡ። ገደቡ የጠበቀበት ምክንያት አለው፤ እነዚህ ወፎች ረጅም ዕድሜ የሚኖሩ፣ እንቁላል መጣል የሚጀምሩት ግን ሁለትና ሦስት ዓመት ከሞላቸው በኋላ ነውና የተጎዳ መንጋ ቶሎ አይተካም።

መልስ፦ ከሜይን

ለቼሳፒክ ባይሆንም ምናልባት ወደ ሰሜን ለሚመጣ ሰው ይጠቅም ይሆናል ብዬ ነው። እኛ አይደር የሚባለውን ትልቁን የባሕር ዳክዬ የምናድነው ብዙ ጊዜ ከባሕር መካከል ከሚወጡ ዐለቶች ላይ ተቀምጠን ነው። እዚህ የሚገድለው የውኃው ሙላት ነው። በሰሜን ምሥራቁ ጫፍ በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው ልዩነት ከ5 ሜትር ያልፋል፤ ጠዋት ደረቅ ሆኖ የተቀመጡበት ዐለት ከሰዓት በኋላ ከውኃ በታች ነው። ዐለቱ አረንጓዴ የባሕር ሣር ለብሶ ካዩት በየቀኑ የሚሰጥም መሆኑን ይወቁ። ጀልባውም ሰው ሳይጠብቀው ታስሮ አይተውም።

መልስ፦ የወረቀቱ ሰው

የፈቃዱን ጥያቄ ማንም ስላልመለሰ እኔ ልጨምር። የሜሪላንድ የአደን ፈቃድ እንዳለዎት ግልጽ ነው። በዚያ ላይ የግዛቱ የተሰዳጅ ወፎች ቴምብርና 25 ዶላር የሚከፈልበት የፌዴራሉ የዳክዬ ቴምብር ያስፈልግዎታል። ይህ ቴምብር በ1934 በወጣ ሕግ የተጀመረ ሲሆን ገንዘቡ ወፎቹ የሚኖሩበትን ረግረጋማ መሬት ለመጠበቅ ይውላል፤ የወረቀቱን ከገዙ ፊቱ ላይ በቀለም ካልፈረሙበት እንዳልያዙት ይቆጠራል። ተኩስ የሚፈቀደው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ እስክትጠልቅ ነው። ሞተሩ ሳይጠፋና ጀልባው በሞተር ኃይል መሄዱን ሳያቆም ለዳክዬ መተኮስም ክልክል ነው። ጀልባ የሚነዱ ከሆነና ከሐምሌ 1972 ወዲህ የተወለዱ ከሆነ በሜሪላንድ የጀልባ ደኅንነት ትምህርት ምስክር ወረቀት ይጠየቃሉ።

ለሌሎች አንባቢዎችም አንድ ነገር። ግሪን ካርድ ያለው ሰው የአደን ጠመንጃ መግዛትና መያዝ ይችላል። በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን በፌዴራል ሕግ በመደበኛው የተከለከለ ነው፤ የታወቀው ልዩ ሁኔታ ጊዜው ያላለፈ የአደን ፈቃድ መያዝ ነው። «ጓደኛዬ አበድሮኝ ነው» የሚል ምክንያት አያድንም፤ መዘዙም እስከ መባረር ሊደርስ ስለሚችል፣ ጥርጣሬ ያለበት ሰው ጠመንጃ ከመንካቱ በፊት ጠበቃ ይጠይቅ።

ጠያቂው፦ ሲልቨር ስፕሪንግ 12

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጀልባዋን ለፖቶማክ ትቻታለሁ፤ ለታኅሣሥ አጋማሽ ከአንድ ካፒቴን ጋር ቀን እይዛለሁ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፤ ከእርሱም ጋር ትንሽ ኀፍረት አለበት። እናቴ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው፤ እንደ ብዙዎቹ የኦርቶዶክስ ቤተሰቦች በእኛም ቤት ዳክዬ አይበላም። የገደልኩትን የማልበላ ከሆነ ልተኩስ አይገባኝም ብዬ አምናለሁ። እኔ ለራሴ ልቀምሰው ፈቃደኛ ነኝ፤ እርስዋ ባለችበት ግን ድስቱን መጋራት አልችልም። ምን ታደርጋላችሁ?

መልስ፦ የምሥራቁ ዳር

ጥያቄው የሚያሳፍር አይደለም፤ እኔም ቤት ያለ ነው። መፍትሔዬ ለብቻው የተለየ ድስትና ቢላዋ፣ ማብሰያውም በረንዳ ላይ ያለች አንዲት የጋዝ ምድጃ ናት።

የእነዚህ ወፎች ምግብ በዛጎል ውስጥ የሚኖር የባሕር እንስሳ ስለሆነ ስቡ የባሕር ሽታ አለው፤ ስለዚህ ቆዳውንና ስቡን ጨርሰው ገፈው ደረቱን ብቻ ያውጡ። ሌሊቱን በጨው ውኃ ነክረው ያሳድሩት፣ ውኃውንም አንድ ጊዜ ይቀይሩ። በወፍራሙ ጠብሰው ካደረቁት ጉበት ጉበት ይላል፤ እኔ ከጥቂት የበሬ ሥጋ ጋር ፈጭቼ ሽንኩርቱን በበርበሬ ካቁላላሁ በኋላ እንደ ምንቸት አብሽ እሠራዋለሁ፤ ምን እንደሆነ ሳይነግሩት ያቀረቡለት እንግዳ የበግ ነው ይላል። እኔ ግን ነግሬ ነው የማቀርበው።

የተረፈዎትን ለሚበላ ጎረቤት መስጠት ይፈቀዳል። የአዳኙ ፊርማና አድራሻ፣ የወፎቹ ብዛትና ዓይነት፣ የታደኑበትም ቀን የተጻፈበት ወረቀት አብሮ መታሰር አለበት። ወደ ቤት እስኪደርሱ ድረስ ደግሞ ከእያንዳንዱ ወፍ ላይ ጭንቅላቱን ወይም አንድ ክንፉን ላባው እንዳለ ይተዉት፤ ተቆጣጣሪው መንገድ ላይ ቢያስቆምዎ ዓይነቱን የሚለየው በእርሱ ነው።