ለወታደር የሚሰጥ የኮሌጅ ክሬዲት «በአቋራጭ ዲግሪ» ነው?

ሜዲኳ ከቨርጂኒያ፦
ትናንት ማታ በግሩፑ የድምፅ ውይይት ላይ አንድ ወንድማችን «የአሜሪካ ኮሌጆች ወታደር ስለሮጠና ስለተኮሰ ክሬዲት ይሰጡታል፤ ይሄ በአቋራጭ ዲግሪ ነው» አለ። ብዙ ሰውም ደገፈው። ተናድጄ ነው ያደርኩት።

እኔ በአሜሪካ ሠራዊት ሜዲክ፣ ማለትም የቆሰለ ወታደር የምታክም፣ ሆኜ ነው ያገለገልኩት። ሥልጠናው ሳን አንቶኒዮ፣ ፎርት ሳም ሂውስተን ነው። 16 ሳምንት ነው፣ ብሔራዊውን የኢኤምቲ (የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ) ፈተና ያላለፈ ሜዲክ አይሆንም። ቱርኒኬት (ደም ማቆሚያ ማሰሪያ) ማሰር፣ የመተንፈሻ ቱቦ መክፈት፣ ደረት ውስጥ የታመቀ አየር በመርፌ ማስወጣት፣ ሁሉንም በእጃችን ሠርተን ነው የምናልፈው። ከሠራዊቱ ወጥቼ ኮሌጅ ስገባ አድቫይዘሯ የወታደር ትራንስክሪፕቴን አገላበጠችና «ይሄ ለስፖርት ይያዝልሻል፣ ይሄ ፈርስት ኤይድ፣ የቀረው ኢሌክቲቭ፣ የምርጫ ኮርስ ነው» አለችኝ። ከዚያ የደም ግፊት እንዴት እንደሚለካ እንደ አዲስ ቁጭ ብዬ ተማርኩ። አቋራጩ የቱ ጋ ነው?

የአዳማው ልጅ፦
ያልኩት እኔ ነኝ። አሁንም እላለሁ። እህቴ፣ አገልግሎትሽን አከብራለሁ። ግን እኔ ሌሊት ፓርኪንግ እየሠራሁ፣ ቀን ክፍል ውስጥ እያንቀላፋሁ ነው ባዮሎጂ የወሰድኩት፤ ያውም ከኪሴ ከፍዬ። ወታደሩ ጂአይ ቢል የሚባል የመንግሥት የትምህርት ድጎማ አለው። የ36 ወር ትምህርት፣ የቤት አበል፣ የመጽሐፍ ገንዘብ ያገኛል። ይገባዋል፣ ቅሬታ የለኝም። በዚያ ላይ ያልተማረው ኮርስ ሲቆጠርለት ግን አቋራጭ ነው። ዲግሪ ቁጭ ብሎ መማር ነው።

ሹፌሩ ከዳላስ፦
«ቁጭ ብሎ መማር» አልክ? እኔ ሠራዊት ውስጥ ከባድ መኪና ስነዳ ቆሜ ነበር እንዴ?

ስማ ወንድሜ። በፈረንጅ ከ2011 ጀምሮ ወታደር ቤት ለሁለት ዓመት ከባድ መኪና በሰላም የነዳ ሰው ሲዲኤል፣ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ፣ ሲያወጣ የመንዳት ፈተናውን ስቴቱ ሊያስቀርለት ይችላል። የጽሑፉ ፈተና ግን እስከ 2018 አይቀርለትም ነበር። እኔም በዚሁ ነው ያወጣሁት። 80 ሺህ ፓውንድ ይዤ ከልጆችህ ትምህርት ቤት አውቶብስ ጎን ስሄድ መንግሥት ያመነኝን፣ ኮሌጅ ለሎጂስቲክስ መግቢያ ኮርስ የማያምነኝ ለምንድን ነው?

የአዳማው ልጅ፦
መንጃ ፈቃድ ሌላ፣ ዲግሪ ሌላ። አታደባልቀው።

መምህሩ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ሁለታችሁም ረጋ በሉ። ኮሌጅ ውስጥ ስለማስተምር አሠራሩን አውቀዋለሁ። ለመሮጥ ክሬዲት ይሰጣል የሚለው ግማሽ እውነት ነው፤ ለመሠረታዊ ውትድርና የሚመከረው የሰውነት ማጎልመሻና የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ዓይነት ነገር ነው። ለሌላው ሥልጠና ግን የአሜሪካ የትምህርት ምክር ቤት፣ ኤሲኢ የምንለው፣ የኮሌጅ መምህራንን ልኮ ያስመረምራል። ምን ተማሩ፣ እንዴት ተፈተኑ፣ በየትኛው ደረጃ የሚለው ይታያል። ይሄ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ጀምሮ ሲሠራበት የቆየ ነው።

ኤሲኢ ግን ይመክራል እንጂ አያዝም። የሚወስነው ኮሌጁ ነው። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ክሬዲቱን «ተቀብለናል» ይሉና ኢሌክቲቭ ውስጥ ይከቱታል። ልጁ 30 ክሬዲት ይዞ ገብቶ ለሜጀሩ፣ ለዋናው የትምህርት መስኩ፣ አንድም ኮርስ አይቀነስለትም። እንዲያውም ሊጎዳው ይችላል፤ ፌዴራል እርዳታ የሚሰጠው የፕሮግራሙ ርዝመት 150 በመቶ እስኪሞላ ነው፣ የተቀበሉለት ክሬዲትም እዚያ ውስጥ ይቆጠራል። አቋራጭ የምትለው ለብዙዎቹ መንገዱን ያስረዘመባቸው ነው።

ነርሷ ከሲያትል፦
መምህር፣ ያሉት ገብቶኛል። ሜዲኳ ግን ወደ ነርሲንግ መግባት ከፈለገች አልስማማም። የጦር ሜዳ ሕክምና የቆሰለ ወጣት ማትረፍ ነው። እኔ ሆስፒታል ውስጥ የምጠብቃቸው የ78 ዓመት እናት ስኳር፣ ኩላሊትና የልብ ድካም አለባቸው፤ በቀን 14 ዓይነት መድኃኒት ይወስዳሉ። እህቴ፣ ኢንሱሊን ስትሰጪ ፖታሲየም ምን ይሆናል? ይሄ ቱርኒኬት ከማሰር ጋር አይገናኝም። በበሽተኛ ነፍስ አቋራጭ የለም።

ሜዲኳ ከቨርጂኒያ፦
አንቺም «አቋራጭ» አልሽ! ፋርማኮሎጂ ይለፈኝ ያልኩት የት ነው? አናቶሚ ይቅርልኝ አልኩ? የማውቀውን ፈትኑኝና ካወቅኩት አታስደግሙኝ ነው ያልኩት። ካላወቅኩት እማራለሁ።

የአዳማው ልጅ፦
«ፈትኑኝ» ካልሽ ለሁሉም ይሁን። እኔ ሆስፒታል ውስጥ አልጋ እየገፋሁ ብዙ ነገር አውቄያለሁ፤ ማን ፈተነኝ? ዩኒፎርም ስላልለበስኩ?

ብርቱካን ከአትላንታ፦
ይሄን ስታነሳ ሆዴ ተቃጠለ። ባለቤቴ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሲቪል ምሕንድስና የተመረቀ ነው። ትራንስክሪፕቱ እስኪላክ ስንት ወር፣ ለግምገማው ደግሞ ክፍያ። በመጨረሻ ካልኩለስህን ድገም አሉት። አስፋልት ያስነጠፈ ሰው! ለወታደር ሲሆን ምክር ቤት ይቋቋማል፣ ለእኛ ሰው ሲሆን ታክሲ ንዳ።

ሹፌሩ ከዳላስ፦
ብርቱካንዬ፣ የባለቤትሽ ነገር ያሳዝናል። ግን የእሱን ስለነፈጉት የእኛንም ይንፈጉ ነው የምትይው? የሁለቱም ይቆጠር በይ እንጂ።

ብርቱካን ከአትላንታ፦
ይንፈጉ አላልኩም፤ ቃል አታስገባብኝ። ታክሲ መንዳትን መናቄም አይደለም፣ እንዳትቀየም።

የማቭኒው፦
እኔ ሠራዊቱ የገባሁት በማቭኒ ነው፤ ተፈላጊ ቋንቋ ወይም ሙያ ያላቸውን የውጭ ዜጎች ይቀጥር በነበረው ፕሮግራም። አማርኛ ከሚፈለጉት ቋንቋዎች አንዱ ስለነበር ነው የወሰዱኝ። የመከላከያውን የቋንቋ ፈተና አልፌ ኮሌጁ የውጭ ቋንቋ ክሬዲቴን በዚያ ዘጋልኝ። ስፓኒሽ አልወሰድኩም። ይሄም አቋራጭ ነው?

የአዳማው ልጅ፦
ነው እንጂ! እናትህ ጓዳ የለመድከውን አማርኛ ነው እኮ ኮሌጁ የቆጠረልህ። ምን ደከምክበት?

የማቭኒው፦
ፈተናው የት እንደተማርክ አይጠይቅም፤ ጋዜጣ አንብበህ፣ ዜና ሰምተህ መረዳትህን ነው የሚያየው። እዚህ የተወለዱ የእኛ ልጆች ይለፉት እስኪ። እናቴ ጓዳም ብትሆን አስተማሪዬ ናት፣ በእሷ አትምጣብኝ።

የአዳማው ልጅ፦
እናትህን አልነካሁም። በክርክሩ ላይ እንሁን።

የቀድሞው ቴክኒሻን፦
ልጆቼ፣ ልጨምር። እኔ ደብረ ዘይት የሠለጠንኩ የአየር ኃይል ቴክኒሻን ነበርኩ። በእኛ አቆጣጠር በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ወረቀታችንም አብሮ ተበተነ። ሞተር ፈትቼ የምገጥም ሰው «ማስረጃህ የት አለ» ስባል መልስ አልነበረኝም። እዚህ አገር መጥቼም እንደዚያው። የአሜሪካ ወታደር የሠለጠነው ሁሉ ትራንስክሪፕት ላይ ተጽፎለት ይወጣል። እሱን ተቀብሎ በየቦታው ማስገባት ለኮሌጅ ምን ያህል ይከብዳል? የአዳማው ልጅ፣ በፓርኪንግ ሥራህ የተንገላታኸውን ሌላው ካልተንገላታ ዲግሪው ዲግሪ አይሆንም ማለትህ ግን ቅር አሰኝቶኛል።

የአዳማው ልጅ፦
ጋሼ፣ እርስዎን አከብራለሁ። እንደዚያ ማለቴ አይደለም። ሁለት ሰው አንድ ዲግሪ ይዞ ሲቀርብ ሁለቱም ያንኑ እንዲያውቁ ነው የምፈልገው።

መምህሩ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ያ ከሆነ የምትፈልገው፣ መጋጨት ያለብህ ከኮሌጆቹ ጋር ነው። በጂአይ ቢል የሚማር ተማሪ ሲመዘገብ ትምህርት ቤቱ የቀድሞ ሥልጠናውን መገምገምና የሚገባውን ክሬዲት ሰጥቶ ፕሮግራሙን ማሳጠር አለበት። የቬተራን ጉዳዮች መሥሪያ ቤት ደንብ ነው። በደንብ ቢገመግሙ ኖሮ ሜዲኳ የደም ግፊት መለካት ባልደገመች፣ ለመተኮስ ዲግሪ ይሰጣል ብለህ አንተም ባልተናደድክ። ሥራውን ለአንድ አድቫይዘር ጥለው፣ የትምህርት ክፍሉ መምህር ሳያየው፣ «ኢሌክቲቭ» ብለው ይገላገላሉ።

የአዳማው ልጅ፦
መምህራኑ ራሳቸው ካላመኑበትስ? የነርሲንግ ክፍል አልቀበልም ካለ በግድ ነው?

መምህሩ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
በግድ አይደለም። አይቶ፣ ምክንያቱን ጽፎ አልቀበልም ይበል። እስከዛሬ አይቶ የከለከለ ሳይሆን ሳያይ የከለከለ ነው ያጋጠመኝ።

ነርሷ ከሲያትል፦
ወሬው ወደ ጓዳና ወደ ታክሲ ሄደና ጥያቄዬ ቀረ። ፖታሲየሙስ?

ሜዲኳ ከቨርጂኒያ፦
ደም ውስጥ ያለው ይቀንሳል። ኢንሱሊኑ ወደ ሴል ይዞት ይገባል።

ነርሷ ከሲያትል፦
ልክ ነሽ። አንድ ጥያቄ መመለስ ግን ኮርስ አይተካም።

ሜዲኳ ከቨርጂኒያ፦
አንድ ብቻ ጠይቁኝ አላልኩም። መቶውንም አምጡት። እስካሁን የጠየቀኝ አንቺ ብቻ ነሽ።