ካርቦን ፋይበሬ ለምን ከላይ በኩል ተሰበረ?

ጀማሪው፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ግራ ያጋባኝ ነገር አለ። የካርቦን ጨርቅ በኢፖክሲ ሬዚን (ሲደርቅ የሚጠነክር ሙጫ ነው) እያራስኩ በእጄ አንድ ዝርግ ሰራሁ። 8 ንብርብር ነው፤ የአንዱ ንብርብር ክሮች በቁመት፣ የቀጣዩ በአግድም። ውፍረቱ 2 ሚሊ። 15 ሚሊ ስፋት ያላቸው ቁራጮች አወጣሁና በሁለት ድጋፎች ላይ አጋድሜ መሀላቸውን ከላይ በማሽን ተጫንኩ። በድጋፎቹ መካከል 64 ሚሊ አለ።

250 ኒውተን ላይ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። አለቀለት ብዬ ጠበቅኩ፤ ምንም። ጭነቱም አልወረደም። 400 ሲደርስ ግን ጧ! የገረመኝ የተሰበረው በላይኛው ፊት መሆኑ ነው። የሚወጠረው የታችኛው አይደል እንዴ? ሬዚኑን አበላሽቼው ይሆን?

ብረት ይሻላል፦
ምኑ ይገርማል? ካርቦን እንደ ብርጭቆ ነው፤ ሳያስጠነቅቅ ይሰበራል። ብረት ቢሆን መጀመሪያ ይጎብጥልህ ነበር።

የላብ አይጥ፦
መጎበጡ ልክ ነህ። ግን አስጠንቅቋል እኮ፤ ከ250 ጀምሮ ሲጮህ ነበር! ብርጭቆ ላይ የተነሳች ስንጥቅ ማንም አያቆማትም። እዚህ ግን ክር ጋ ስትደርስ ትታገዳለች፣ ወይ ዞራ በክሩ ጎን ትሄዳለች።

ጀማሪው፣ ያ ቀጭ ቀጭ የአግድሞቹ ንብርብሮች ድምፅ ነው። እነሱ ውስጥ በቁራጩ ቁመት የሚሄድ ክር የለም፤ የሚይዘው ሬዚኑ ብቻ ነው። የካርቦን ክር እስኪበጠስ 1.5 በመቶ ገደማ ይለጠጣል። አግድሙ ንብርብር ከዚያ በጣም ቀድሞ ይሰነጠቃል። ጭነቱን የቁመቶቹ ስለሚረከቡ ማሽኑ ምንም አያሳይህም።

የላይኛው ፊት ነገር ሌላ ነው። ቁራጩ ሲጎብጥ ታቹ ይሳባል፣ ላዩ ግን ይገፋል። አንዱ ክር 7 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ከፀጉር በብዙ ይቀጥናል። ስትስበው ጀግና ነው። ስትገፋው ግን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው በዙሪያው ያለው ሬዚን ነው። በእጅ ሲነጠፍ ደግሞ ክር መወላገዱ አይቀርም፤ አንድ ሁለት ዲግሪ ብቻ ብዙ ጥንካሬ ይበላል። የተወላገደው ቦታ ላይ ሬዚኑ ይሸነፋል፣ ክሮቹ አንድ ላይ ወደ ጎን ይታጠፋሉ፣ ጎረቤቶቻቸውንም ይዘው ይሄዳሉ። ጧ ያለው እሱ ነው።

እኔ አንዴ ጨርቁ ላይ ጥፍር የምታህል እጥፋት አይቼ "ሬዚኑ ይሞላዋል" ብዬ አለፍኩ። ሞላውም። ከዚያ መስመር የወጡት ቁራጮች ሁሉ እዚያችው ላይ ተሰበሩ።

ጠርዙን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አለስልስና በአጉሊ መነጽር እየው። የምትጫንበት ዘንግስ ምን ያህል ቀጭን ነው?

ጀማሪው፦
አየሁት! ከላይ ሰያፍ፣ ደረጃ ደረጃ የሰራ ስብራት አለ። ከታች ትንሽ ክር ተመዝዞ እንደ አሮጌ ብሩሽ ተንጨባሯል። ከስብራቱ ጎን ደግሞ በሁለት ንብርብሮች መሀል ምላጭ የሚያስገባ ክፍተት አለ። ዘንጉ ቀጭን ነው፣ እርሳስ ያህላል።

የላብ አይጥ፦
ዘንጉ ራሱ የላይኛውን ፊት እየቆረጠመብህ ይሆናል። ወፈር ያለ አድርግ፣ ስሩም ስስ ፕላስቲክ አኑር።

ክፍተቱ የንብርብር መላቀቅ ነው። ንብርብሮቹን እርስ በርስ የሚሰፋ ክር የለም፣ ሬዚን ብቻ። የምፈራው እሱን ነው። መፍቻ ቢወድቅበት ላዩ ላይ ነጥብ ብቻ ይቀራል፤ ውስጡ ግን እየሰፋ ወርዶ ተላቅቋል። በኋላ ግፊት ሲመጣ የተላቀቀው ስስ ልጥ ለብቻው ይጎብጣል። በሳንቲም ጠርዝ መታ መታ አድርገው፤ ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተላቀቀው የታፈነ።

ድምፅ ካነሳን፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ባሕር ውስጥ የተጨፈለቀችው ሰርጓጅ፣ ታይታን፣ አካሏ ካርቦን ፋይበር ነበር። ከመጨፍለቋ አንድ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ በአንዱ ጉዞ ማብቂያ ላይ ከባድ ድምፅ ተሰምቶ ነበር፤ ከዚያም በኋላ ጠልቃለች።

ብረት ይሻላል፦
ብረት ሳንቲም አያስመታም 😄

ጀማሪው፦
ወፍራም ዘንግና ፕላስቲክ አድርጌ ደገምኩት። 430 ላይ ተሰበረ። አሁንም ከላይ።